ሐይቁን ዝጋ ያለኝ የለም

ላንኤርዊድ፣ ዌልስ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1991

ለተከበሩ ወይዘሮ ኔስታ፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ባሉበት ይድረስዎ። እግዚአብሔር ለእርስዎም ለልጆችዎም ለበጎችዎም ጤና ይስጥልኝ። እኛ ከዝናቡ በቀር ደህና ነን።

ማን እንደሆንኩ ማስታወስ ሳይቸግርዎት አይቀርም። ኤሊኔድ ነኝ፤ የድንጋይ ፈላጩ የመርዲን ልጅ። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት እህትማማቾች ነበሩ። በ1959 አግብተው ወደ ፓታጎኒያ ሲሄዱ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ከሸኙዎት መካከል ነበርኩ። አድራሻዎን የሰጠኝ የጸሎት ቤቱ ጸሐፊ ነው።

የጻፍኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። የፕላስ ኤርዊድን ርስት ካቻምና ሚስተር ላንግፎርድ የሚባል ሰው ገዛው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያገኘን ባርኔጣውን ያነሳል። ግን ባለፈው ወር በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሐይቁን ዞሮ በጫካው በኩል የሚመለሰው መንገድ የግል ስለሆነ ሊዘጋው ነው። እኛም የመንደሩ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመን መንገዱ የሕዝብ ነው ብለን አመለከትን። በሚመጣው ጁን ወር የመንግሥት መርማሪ መጥታ በጉባኤ ትሰማናለች፤ እስከዚያ ክፍት ነው።

ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ማንም ሳይከለክለው ሃያ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል ይላል ሕጉ። በ1963 «በባለቤቱ ፈቃድ» የሚል ሰሌዳ ስለተተከለ ከዚያ ወዲህ ያለው አይቆጠርልንም። የሚቆጠረው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ያ ደግሞ የአባትዎ ዘመን ነው። አባትዎ፣ እኔ አጎቴ የምላቸው ሆፕኪን፣ የርስቱ ጠባቂ ነበሩ፤ እርስዎም በሩ ሥር ባለው ቤት ሃያ አምስት ዓመት ኖረዋል። ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ያዩትን በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው ቢልኩልን ብዬ ነው።

ለእኔ ነገሩ ከመንደሩ ክርክር ያልፋል። ባለቤቴን ኢድወልን ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሆነው። ላንኤርዊድን ያውቋታል፤ ከዚያ መንገድ በቀር ዳገት ያልሆነ ነገር የላትም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በከዘራው እስከ ጀልባ ቤቱ ይሄዳል። ትናንት «ሰባት መቶ ሃምሳ እርምጃ! ለኦሎምፒክ መዝግቢኝ» አለኝ። መንገዱ ከተዘጋ ከወንበሩ የሚነሳበት ምክንያት አይኖረውም።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
ኤሊኔድ

ትሬቬሊን፣ ፓታጎኒያ
ኦክቶበር 21 ቀን 1991

ለውድ ዘመዴ ለኤሊኔድ፣

ከተራሮቹ ማዶ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ኢድወልን እግሩን ያጽናለት፤ አንቺንም ከእሱ ጋር የምትሄጂበት ትንፋሽ ይስጥሽ።

በመጀመሪያ እርስዎ የሚለውን ተይው። በጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ስብከቱ ሲረዝም አንዱን ከረሜላ ለሁለት ሰንጥቀን የበላን ሰዎች ነን። ደግሞ ረሳሽኝ ወይ ትያለሽ! ቀይ ኮትሽን ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ አንድ ቁልፉ ጠፍቶ በጥቁር ተተክቶ ነበር።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማንም ስለዚያ ሐይቅ ጠይቆኝ አያውቅም። እስቲ ንገሪኝ፤ የጀልባ ቤቱ ጣሪያ አለ ወይስ ወድቋል? ጉትያ ያላቸው የውሃ ወፎች አሁንም በሸምበቆው ውስጥ ይፈለፍላሉ? ከጀልባ ቤቱ ቆመው ሲያዩ የትልቁ ቤት መስኮቶች ይታያሉ ወይስ ዛፍ ሸፍኗቸዋል? ከበሩ በስተግራ ያለው የድንጋይ አጥርስ? ተጠገነ?

ስለ ምስክርነቱ ግን ብዙ የምረዳሽ አይመስለኝም። አባቴ ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር። የታዘዘውን ይፈጽም ነበር። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

እናንተ ወደ ብርዱ ስትገቡ የእኛ ጸደይ ነው፤ ዘንድሮ ግን ዘግይቷል። በጎቹን የምንሸልተው በሚመጣው ወር ነው።

ዘመድሽ
ኔስታ

ላንኤርዊድ
ኖቬምበር 9 ቀን 1991

ውድ ኔስታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግዚአብሔር ሸለታችሁን ደረቅ ቀን ይስጠው።

ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ገልብጬ ማክሰኞ ዕለት ከኢድወል ጋር ወረድን። የጀልባ ቤቱ ጣሪያ አለ፤ ሚስተር ላንግፎርድ አዲስ የድንጋይ ክዳን አልብሶታል። ወፎቹን አላየንም፤ ግን በዓሣ ማጥመድ የሚታወቀው ጎረቤታችን በሜይ ወር ጫጩቶቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲዋኙ አይቷል። መስኮቶቹ አይታዩም። ጽጌረዳ የሚመስለው ያ ቁጥቋጦ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ኢድወል «ጌቶቹ እኛን ማየት ስለሰለቻቸው ነው የተከሉት» ይላል።

አጥሩ ግን ገረመኝ። እውነትሽን ነው፤ ከበሩ በስተግራ ሁለት ክንድ የምትሆን ቦታ ላይ ድንጋዩ ቀለሙ የተለየ ነው፤ እንደ ሌላው የድንጋይ ሽበትም አላበቀለም። በኋላ ዘመን የተሞላ ክፍተት ነው። ከሦስት ማይል አጥር ውስጥ ስለዚያች ቦታ ብቻ ለምን ጠየቅሽ? ኢድወልን ጠየቅኩት፤ «እኔ ምን ላውቅ፤ እኔ የተራራው ማዶ ሰው ነኝ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አሁን ደግሞ ክፉ ወሬ። የርስቱ ጠበቃ የአባትሽን የውሎ መዝገብ አግኝቷል። ቅጂውን አሳዩን። በየዓመቱ፣ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፦ «በሩ ተቆልፏል። ያለፈ ሰው የለም። ሆ. ቤቫን።» ከ1934 እስከ 1962 አንድም ዓመት አልዘለለም። በዓመት አንድ ቀን ተዘግቶ ሰው ከተከለከለ ሃያው ዓመት ይቋረጣል አሉን። ነገሩ ካልተለወጠ አለቀልን።

ኔስታ፣ እነዚያ ቀኖች ላይ አንቺ እዚያው ነበርሽ። የተጻፈው እውነት ነው?

ኤሊኔድ

ላንኤርዊድ
ጃንዩዋሪ 20 ቀን 1992

ውድ ኔስታ፣

በደህና ነሽ? የኖቬምበሩ ደብዳቤዬ ደርሶሽ ይሆን? የገና ካርድም ልኬ ነበር። ምናልባት የፖስታው ነገር ይሆናል ብዬ ነው።

እዚህ ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል። ኢድወል ስምንት መቶ ደርሷል።

ኤሊኔድ

ትሬቬሊን
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1992

ለኤሊኔድ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ሁለቱም ደርሰውኛል፤ ካርዱም። መጀመሪያ ሸለታ ነበር፣ ከዚያ ዓይኔን አሞኝ ሰነበተ። ይቅርታሽን።

ስለ መዝገቡ የምለው የለም። አባቴ የጻፈውን ጽፏል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ወደ መቃብሩ ጎራ ብለሽ ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም ይነበብ እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ስሄድ በሕይወት ስለነበር ድንጋዩን አይቼው አላውቅም። ርስቱ እንዳሠራለት ብቻ ነው የሰማሁት።

ኔስታ

ላንኤርዊድ
ማርች 5 ቀን 1992

ውድ ኔስታ፣

ዓይንሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሽበት ስለበቀለበት በሻይ ማንኪያ ፈቅፍቄ አነበብኩት። «ሆፕኪን ቤቫን። ሃያ ስምንት ዓመት የዚህ ርስት ታማኝ አገልጋይ። ባለርስቶቹ በምስጋና አቆሙለት» ይላል። ፊደሉ ጥልቅ ነው፤ ገና መቶ ዓመት ይነበባል።

ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ መሰለኝ፤ ወይም ገባኝ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ይሆናል። ቤት ስመለስ ለኢድወል «ኔስታ የምታውቀው ነገር አለ፤ ብትናገር ያንን ድንጋይ የምታፈርሰው መስሏታል» አልኩት።

«ታዲያ ተያታ!» አለኝ።

«አንተ የምትሄድበትስ?»

«እኔ እንደሆነ በወጥ ቤትና በመኝታ ቤት መካከል እመላለሳለሁ። የሰው አባት ነው፣ ኤሊኔድ።»

ስለዚህ ለጉባኤው ብዬ ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ቃሌ ነው። ግን ስለ ራሴ ልናገር፤ የማወቅ ፍላጎት ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴን የሚበላኝ በሽታዬ ነው። ለእኔ ብቻ፣ ማንም ሳይሰማ ንገሪኝ። ያ ክፍተት ምን ነበር?

ያንቺው
ኤሊኔድ

ትሬቬሊን
ኤፕሪል 2 ቀን 1992

ውድ ኤሊኔድ፣

እግዚአብሔር የኢድወልን አንደበት ይባርክ። ደብዳቤሽ ከመጣ አሥር ቀን ሆነው። ስለ ሰው አባት ያለውን ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዚያ ማክሰኞ የሚሆነው እንዲህ ነበር። አባቴ ጠዋት የእሁድ ኮቱን ለብሶ ይወጣና በሩን በትልቁ ቁልፍ ይቆልፋል። ከዚያ ፒፓውን ለኩሶ አጥሩ ላይ ይደገፋል። ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ አጥሩ ፈርሶ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። አባቴ በዚያ ወረዳ የሚያህለው የድንጋይ አጥር ሠሪ አልነበረም፤ ታውቂያለሽ። ያችን ግን አልጠገናትም። የርስቱ አስተዳዳሪ በመጣ ቁጥር «ቤቫን፣ ያንን ቀዳዳ ዝጋው እንጂ» ይለዋል። «እሺ ጌታዬ፤ ውርጩ ይለፍ» ይላል አባቴ። ሃያ ስምንት ዓመት ውርጩ አላለፈም።

ሰዎቹ እየመጡ በሩን ያዩታል፣ አባቴን ያዩታል፣ «ደህና አደርክ ሆፕኪን» ብለው በክፍተቱ ያልፋሉ። እሱም «ደህና አደራችሁ፤ በሩ ዝግ ነው» ይላቸዋል። አዋላጇ ሚስ ፓሪ ደግሞ በብስክሌት ትመጣ ነበር። ብስክሌቱ በክፍተቱ አያልፍም። አባቴ ፒፓውን በጥርሱ ነክሶ ብስክሌቱን በሁለት እጁ አንስቶ በአጥሩ ላይ ያሻግርላታል። አንድ ጊዜ እኔ ከመስኮት ሆኜ «አባባ፣ ዝጋ አልተባልክም እንዴ?» አልኩት። «በሩን ዝጋ አሉኝ፤ ዘጋሁ። ሐይቁን ዝጋ ያለኝ የለም» አለኝ። ከዚያ ገብቶ ያንን መዝገብ ይጽፋል። «በሩ ተቆልፏል» የሚለው እውነት ነው። «ያለፈ ሰው የለም» የሚለው ውሸት ነው፤ በየዓመቱ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የመቃብር ድንጋዩ ቢያሳስበኝም፣ በገና ጊዜ እነግርሽ ነበር። ሌላም አለ። ለሐይቁ እንዲህ የነበረ ሰው ለጫካው እንዲህ አልነበረም። ጌቶቹ የሚያድኗቸው ወፎች ጫካው ውስጥ ነበሩ፤ እንጀራው ከእነሱ ጋር ነበር። ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ እዚያ የገባውን ሰው ሁሉ ይመልስ ነበር፤ በቀልድ ሳይሆን በጩኸት። በ1947፣ በዚያ በረዶው በር ባፈነበት ጃንዩዋሪ፣ አንዲት ሴት ጭራሮ ለቅማ በቅርጫት ይዛ ስትወጣ አገኛት። ቅርጫቱን ከእጇ ነጥቆ በረዶው ላይ ደፋው። አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እኔም አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሴትየዋ እናትሽ ነበረች። አባትሽ ሳንባውን ታሞ የተኛበት ክረምት ነው።

ሁለት ወረቀት ፈርሜ ልኬልሻለሁ። አንዱ ስለ በሩ ነው፣ ሌላው ስለ ጫካው። የበሩን ብቻ ከሰጠሽ መንገዱን በሙሉ ሳታገኙት አትቀሩም። ሁለቱን ከሰጠሽ የጫካው ይቀርባችኋል። እኔ መወሰን አልቻልኩም። የተበደለችው ያንቺ እናት ናት፤ አንቺ ወስኚ።

ኔስታ

ላንኤርዊድ
ኤፕሪል 30 ቀን 1992

ለወይዘሮ ኔስታ፣

ደብዳቤዎ ከሁለቱ ወረቀቶች ጋር ደርሶኛል። ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

አሁን ብዙ መጻፍ አልችልም።

ኤሊኔድ

ላንኤርዊድ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1992

ውድ ኔስታ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ በዝምታ ቀጣሁሽ። ይቅር በይኝ፤ አምላክ ደግሞ ለሁለታችንም ይቅር ይበለን።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን ምሳ ምድጃው ላይ አረረ። እናቴ አባትሽን መንገድ ላይ ስታይ ወደ ማዶ ትሻገር ነበር። እኔ «ኩሩ ናት» እል ነበር። እናቴ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁን የምጠይቃትን ሁሉ ያኔ አልጠየቅኳትም። በአባትሽ ተናደድኩ፣ ዝም ባልሽው በአንቺም ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ሁሉን እጠይቃለሁ እያልኩ የምኮራ ሰው ቤቴ ውስጥ ያለውን አልጠየቅኩም!

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሁለቱን ወረቀት አነበበና የጫካውን ለብቻው አጥፎ ወደ እኔ ገፋው። «ይሄኛው አልደረሰንም» አለኝ።

«ደርሷል እንጂ፤ እኔው ነኝ ያመጣሁት።»

«ኤሊኔድ፣ ግማሹን መንገድ እየጣልሽ ነው!»

«እናቴ እዚያ ጫካ ውስጥ ስትባረር ያየ ሰው ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ተናገረ። እኔ ደግሜ ላፍነው ነው?» አልኩት። እሱም ወደ ኢድወል ዞረ። ኢድወል «እኔን አትየኝ፤ እኔ የምዞረው ሐይቅ እንጂ ጫካ አይደለም» አለ።

ጉባኤው በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ለሁለት ቀን ተደረገ። መርማሪዋ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ወረቀትሽን ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። የርስቱ ጠበቃ ተነስቶ «የሞተ ሰው ውሸታም ነበር ብላ የገዛ ልጁ መመስከሯ ነው?» አለ። እሷም «ልጁ ሁለቱንም ነው የጻፈችው፤ የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም። ይህን የሚያደርግ ምስክር ብዙ አላጋጠመኝም» አለችው። ስለ ብስክሌቱ ስታነብ ከኋላ አንዲት ሴትዮ ተነሳች፤ የሚስ ፓሪ የእህት ልጅ ናት። «እናቴን ለማዋለድ ስትመጣ ነበር! የተወለድኩት ፌብሩዋሪ አራት፣ ማክሰኞ ነው፣ በ1936!» ብላ ጮኸች። መርማሪዋ የቀን መቁጠሪያ አስመጥታ አየች። የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነበር። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጠበቃውም ሳቀ።

ውሳኔው ባለፈው ሳምንት ወጣ። የሐይቁ ዳር፣ ከበሩ ጀምሮ ዙሪያውን በሙሉ፣ የሕዝብ መንገድ ተብሎ በካርታ ይገባል። የጫካው አልሆነልንም፤ ምክንያቱም ሰው ይከለከልበት እንደነበር ተረጋግጧል። ሊቀ መንበራችን እስካሁን አኩርፎኛል። ሚስተር ላንግፎርድ ሰኞ መጥቶ በራችንን አንኳኳ፤ የዘቢብ ዳቦ ቆረስኩለት። ጫካውን ከወፎቹ መራቢያ ወራት በቀር በፈቃዱ ክፍት አደርጋለሁ አለ። ፈቃድ መብት እንዳልሆነ ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ። ሁለተኛ ቁራሽ በልቶ ሄደ።

ከዚያ ብቻዬን ወደ ጫካው ሄድኩ፤ ኢድወልን ጀልባ ቤቱ ላይ አስቀምጬው። ቦታው የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ አልነገርሽኝም። ዝም ብዬ ከኦክ ዛፎቹ ሥር ጭራሮ ለቀምኩ፤ እቅፌ ሙሉ። ማንም አልመለሰኝም። ቤት አምጥቼ አነደድኩት። እርጥብ ስለነበር ክፉኛ ጨሰ፣ ኢድወል እያሳለው «ይሄ ነው መብትሽ?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። መቼስ አልተውም። አባትሽ እንዲያ ሁለት ዓይነት ሰው ሆኖ እንዴት ይኖር ነበር? ማታ ከእናንተ ጋር ማዕድ ሲቀርብ የትኛው ነበር የሚቀመጠው?

ያንቺው
ኤሊኔድ

ትሬቬሊን
ኦክቶበር 11 ቀን 1992

ውድ እህቴ ኤሊኔድ፣

እግዚአብሔር ለጭስሽ ጭስ ማውጫ ይስጥልኝ፤ ለኢድወልም ሳሉን ያቅልለት። አምስት ወር ሙሉ የፖስታ መኪናውን በር ላይ ስጠብቅ ልጆቼ ፍቅር የያዘኝ መስሏቸው ነበር።

ማዕድ ላይ የሚቀመጠው የደከመው ሰውዬ ነበር። በ1947 ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጭራሮ አንዴም ወደ ቤት ይዞ አልገባም፤ ከሰል እንገዛ ነበር። ምክንያቱን አልነገረንም። እኔም እንደ አንቺ አልጠየቅኩም።

ደብዳቤሽን ለልጄ ለአዌና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ ስለ አያቷ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታማኝ ሰው እንደነበር። የብስክሌቱ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ቆይ፣ እማማ፤ አያቴ ይስቅ ነበር?»

ለካ አባቴን ሳከብር ሳከብር ሳቁን ሳልነግራት ነው ያሳደግኳት። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም ነበር፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከኋላ ሲያዩት የሚያለቅስ ይመስል። ተነስቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ትከሻዬን እየነቀነቅኩ አሳየኋት።

«እንደዚህ?» ብላ እሷም ተነሳች። ወጥ ቤቱ መሐል ሁለታችን ጀርባ ለጀርባ ቆመን ትከሻችንን ስንነቀንቅ ባሏ ገባና «አምላኬ፣ ማን ሞተ?» አለ።

ኔስታ